ሞተሩን ሳይከፍት ያዳነው የኮምቦልቻ ጋራዥ

ዳቦ አከፋፋይ ነኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከዳቦ ቤቱ ተረክቤ ለደሴ ሻይ ቤቶችና ሱቆች አደርሳለሁ። ፒያሳ፣ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ዳቦው ካልደረሰ ባለ ሻይ ቤቱ ከሌላ ይወስዳል። መኪናዬ ካልተነሳች የዚያን ቀን እንጀራዬ የለም።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ታኅሣሥ ኮምቦልቻ ስላገኘሁት ጋራዥ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ብዙ ነው። ብዙዎቻችን "ሞተሩ መከፈት አለበት" ስንባል እንደነግጣለን። ከዚያ ተበድረን እናስከፍታለን። እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ባለ 1.3፣ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅል ካርቡራተር ያላት፣ አባቴ ትቶልኝ የሄደው። የኋላ ወንበሯን አውጥቼ የዳቦ ሳጥን እደረድርባታለሁ። ስትሠራ ታማኝ ናት።

ችግሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ብርዱ ሲገባ ነው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) "እህ... እህ... እህ" እያለ ይንፏቀቃል። አንዳንዴ በአራተኛው ሙከራ ትነሳለች። አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ። ከተነሳችም በኋላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች። ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት የላትም። ከኮምቦልቻ ዱቄት ጭኜ ስመለስ የሐረጎን ዳገት በ2ኛ ማርሽ ነበር የምወጣው። ከኋላዬ የጭነት መኪኖች ጥሩንባ ይነፉብኛል።

መላ ፈጠርኩ። ማታ ማታ ከግቢ አወጣትና ሰፈራችን ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሬ አቆማታለሁ። ከፊት ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ እሸጉጣለሁ። ሌሊት ተነስቼ ድንጋዩን አነሳለሁ፣ ቁልፉን እከፍታለሁ፣ 2ኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን እንደረገጥኩ እለቃታለሁ። ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ስለቀው ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ትነሳለች። ደሴ መቼም ቁልቁለት አይጠፋም። ግን ሞተር ሳይነሳ ፍሬኑ ድንጋይ ነው። የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልልን ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረው ኃይል ነው። በጨለማ፣ ብቻዬን፣ ፍሬኑ ደርቆ ቁልቁለት መውረድ ያስፈራኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ሁለት ሌሊት እጄ ተንቀጥቅጧል።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ጋራዥ ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ቁልፉን አንዴ አስዞረኝና "ባትሪ ነው" አለ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ተሻላት፣ ከዚያ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። ሁለተኛ ስሄድ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጎ ትንሽ ሰማና "ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተሩ ይከፈት" አለኝ። ፋሻ ሞተሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለውን ፒስተን የሚከበው ቀለበት ነው። 65,000 ብር። ምንም አልለካም። አንድ ብሎን እንኳ አልፈታም። ዕቁቤ ሊደርሰኝ ሁለት ወር ቀርቶት ስለነበር እሺ ብዬ ተመለስኩ። ገንዘቡ በእጄ ቢኖር ኖሮ በዚያው ቀን እሰጠው ነበር።

የኮምቦልቻውን የጠቆመኝ ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ሻይ ቤት ዳቦ ሳወርድ አገኘኝና "እሱ ሳይለካ አይፈታም" አለኝ። ይቺ ቃል ነች የወሰደችኝ።

ጋራዡ ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሰሌዳ የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለው፣ ከበሩ አጠገብ ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ ተደርድሯል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። አንድ አይሱዙ ቀድሞኝ ስለነበር እስከ 5 ሰዓት ጠበቅኩ። መቀመጫ የለም። ጥላም የለም። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ በጣም ትሞቃለች። ይህን ቅሬታዬን ለባለቤቱም ነግሬዋለሁ።

ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው። "አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣ ምን ሆነች?" አሉኝ። ባትሪ ቀይሬ እንዳልተሻላት፣ ሞተር ይከፈት መባሉን ነገርኳቸው። "እሺ። እኛ ግን ከመጀመሪያው እንጀምር" አሉ። ከዚያ እየሠሩ አስረዱኝ። ረዳት ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚያው መንገድ ነው መሰለኝ። እኔንም ከልጆቹ ጋር አቆሙኝ።

"ሞተር ብቻውን አይነሳም" አሉ። "መጀመሪያ ሌላ ጉልበት ሊያዞረው ይገባል። አየርና ቤንዚን ስቦ፣ አምቆ፣ እሳት እስኪያገኝ ድረስ የሚያዞረው ይፈልጋል። አንቺ ቁልቁለት ላይ በጎማ ነው ያዞርሽው። ሞተሪኖው በባትሪ ያዞረዋል።" ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የተጣመመ ብረት አሳዩኝ። ማኖቬላ ነው። ድሮ ከሞተሩ ፊት ሰክተው በክንድ የሚያዞሩት። አውቀዋለሁ። አባቴ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ማኖቬላ ሲይዙ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ማድረግ እንጂ እንጨት እንደሚጨብጡ መጨበጥ አይገባም ይለን ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ ጣት ይሰብራል። የአባቴ ቀኝ አውራ ጣት ዕድሜውን ሁሉ እንደተጣመመ ነበር። ሰውን ከዚህ ያላቀቀው የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ።

ከዚያ ቴስተራቸውን አመጡ። ባትሪው ላይ ሲያደርጉት 12.5 ቮልት አነበበ። "ቁልፉን አዙሪ" አሉኝ። አዞርኩ። ሞተሪኖው ያው "እህ" አለ። ቁጥሩ ከ10 ቮልት በላይ ሆኖ ቆየ። ቀና ብለው አዩኝ። "ባትሪሽ ጤነኛ ነው። የድሮውም ሳይሆን አይቀርም።"

ቀጥለው የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ ነክተው ያዙ። "አሁንም አዙሪ።" 1.6 ቮልት። ልጁ "ጋሼ፣ ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ የለበትም አይደል?" አለ። "የለበትም" አሉት። ገመዱ ከባትሪው ተነስቶ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበትን ብሎን ፈቱ። ጥቁሩ ፕላስተር ሲላጥ ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት ብን አለ። የመዳቡ ክር ግማሹ ተበልቷል። ሞተሪኖ ሲነሳ ከ100 አምፒር በላይ ይስባል። ያ ሁሉ በዚህ በበሰበሰ ገመድ ነበር የሚመለሰው። የባትሪው ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል።

አዲስ ገመድ አሰሩ። የብሎኑን መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈገፈጉት። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ፈጥኖ ዞረ። እኔ "በቃ ተፈታ" ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ጆሮአቸውን ወደ ጭስ ማውጫው አዙረው "ትንቀጠቀጣለች። አንዱ ሲሊንደር አይሠራም" አሉ። ሲሊንደር ፒስተኑ የሚመላለስበት ጉድጓድ ነው፣ የኔ ሞተር አራት አለው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር አልረሳውም። ሞተሩን አጠፉ። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ (ክራንክ ሻፍት) ፑሌጃ ላይ ረጅም መፍቻ አስገቡና "ነይ፣ አንቺው አዙሪው" አሉኝ። በጨርቅ ይዤ ሳብኩ። መጀመሪያ ይቀላል። ከዚያ እየከበደ፣ እየከበደ መጣ። ልክ የብስክሌት ጎማ ስትነፊ መጨረሻ ላይ ፓምፑ እንደሚገፋሽ። በሁለት እጄ ተጭኜ አሳለፍኩት፣ ቀለለ። እንደገና ከበደ። አሳለፍኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ከበደ። አራተኛው ላይ ግን ዝም ብሎ ዞረ። ምንም አልገፋኝም። "አገኘሽው?" አሉኝ። አገኘሁት። አርባ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፣ ልጅ ሆኜ አባቴ መኪና ሲያስነሳ ከጎኑ ቁጭ ብዬ አድጌያለሁ። ሞተር ውስጥ ምን እንዳለ ግን በክንዴ የተሰማኝ ያን ቀን ነው።

ያ የሚገፋው ነገር የታመቀ አየር ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል። ሲወጣ የመግቢያና የመውጫ በሮቹ፣ ባልቦላዎቹ፣ ስለሚዘጉ ያንን ድብልቅ ወደ 9 እጥፍ ያምቀዋል። ከዚያ ካንዴላው እሳት ይሰጣል። ቦቢናው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 10,000 እና ከዚያ በላይ አሳድጎ ነው ያቺን ብልጭታ የሚያወጣት። ድብልቁ ሲነድ ይግላል፣ ሲግል ይለጠጣል፣ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል። የመኪና ጉልበት የሚባለው ይሄው ነው። ከዚያ ፒስተኑ ተመልሶ ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። መሳብ፣ ማመቅ፣ መንደድ፣ ማስወጣት። ከአራቱ ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስቱን የሚያዞራቸው ቮላኖ የሚሉት ከባድ ብረትና የሌሎቹ ሲሊንደሮች ግፊት ነው።

"ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ ስንት ጊዜ ይነዳል?" ብለው ልጁን ጠየቁት። ልጁ አሰበና "በአራቱም 100 ጊዜ" አለ። ትክክል ነው። አንድ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚነደው። የኔ መኪና ከ100ው 25ቱን አጥታ ነበር ሐረጎን ስትወጣ የነበረው። ያውም ዱቄት ጭና።

እዚህ ላይ እኔ "ታዲያ ፋሻ ነዋ?" አልኳቸው። ከፋሻም ሊሆን ይችላል አሉ። አየሩ በፒስተኑ ዳር ሾልኮ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በባልቦላም ሊወጣ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መክፈት ግን ገንዘብ መጣል ነው። አራቱንም ካንዴላ ፈቱ። በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ እየገጠሙ ሞተሪኖውን አስዞሩኝ። 130፣ 130፣ 125፣ አራተኛው 70። በወረቀት ጻፉት። ወረቀቱ አሁንም መኪናዬ ውስጥ አለ። ቀጥለው አራተኛው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አደረጉና እንደገና ለኩ። 75። "ፋሻ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ዳር ዳሩን ደፍኖት ቁጥሩ ከፍ ይል ነበር። አላለም።"

ከዚያ አራተኛውን ፒስተን አናት ላይ አድርሰው በካንዴላው ቀዳዳ የጎማ መንፊያ አየር ሰደዱበት። "ሂጂ ማርሚታው ጋ፣ አዳምጪ።" ከኋላ ተንበርክኬ ጆሮዬን ጭስ ማውጫው ጋ አደረግኩ። "እስስስ" ይላል። ቀጭን፣ የማይቋረጥ። አየሩ በጭስ ባልቦላው በኩል እየወጣ ነው። ሞተር አርጅቷል የተባልኩት ለዚች ድምፅ ነው።

የባልቦላውን ክዳን ከፈቱ። ሞተር መክፈት አይደለም፣ ላይ ላዩን ያለ ክዳን ነው። ሞተሩን አስነስተው ካሞቁ በኋላ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ባልቦላውና ገፊው መካከል እያስገቡ ለኩ። እዚያ ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋል። ብረት ሲግል ይረዝማል፣ ክፍተት ከሌለው ባልቦላው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በኔ ሞተር ለመሳቢያው 0.20፣ ለጭሱ 0.30 ሚሊሜትር ነው አሉ። የአራተኛው የጭስ ባልቦላ ላይ በጣም ቀጭኗ ቅጠል እንኳ አልገባችም። ባልቦላው በዓመታት ብዛት መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ሄዶ ክፍተቱን ጨርሶታል። ያስተካከለው ሰው የለም። እኔም መስተካከል እንዳለበት አላውቅም ነበር።

ብሎኑን አላሉት፣ አጠበቁት፣ ቅጠሏን አስገቡ፣ ሳብ ሳብ አደረጓት። ስምንቱንም። እንደገና ሲለኩ አራተኛው 115 አነበበ። እዚህ ላይ እውነቱን ነገሩኝ። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ የባልቦላው ጠርዝ ትንሽ ሳይቃጠል አልቀረም። ከሦስት ወር በኋላ ይታያል። ቁጥሩ ከወረደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ብቻ ተፈትቶ ባልቦላው ይፈጫል። የታችኛው ሞተር አይነካም። ይህን ሲሉኝ አመንኳቸው። የማይሠራውን "ይሠራል" አላሉም።

ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ነበር። አዲስ ግዢ አላሉኝም። አጽድተው፣ ክፍተታቸውን ለክተው መለሱልኝ። ጥላሸቱ ግን ሌላ ነገር አስነሳ።

"ካርቡራተርሽን ማን ነው ያስተካከለው? የት?" አሉኝ። ኮምቦልቻ ነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤንዚን እንደ ሊጥ ነው፣ ልክ አለው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። ውሃ የበዛበት ሊጥ እንደማይነሳው፣ ቤንዚን የበዛበትም በደንብ አይነድም፣ ይጠቁራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ ያው ነው፣ የሚገባው አየር ግን ያነሰ ነው። አየር ካነሰ የሚነደው ያንሳል፣ ጉልበቱም ያንሳል። ደሴ ላይ መኪና ሁሉ ትንሽ የሚደክመው ለዚህ ነው። የድሮ ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደለመደው ይሰጣል። "እዚህ አስተካክዬ ብሰድሽ ደሴ ላይ ያፍናታል" አሉ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ለማንም ብናገር የሚያምነኝ የለም። ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። አብረን ሐረጎን ወጣን። በ3ኛ ማርሽ ወጣሁት፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ደሴ ከገባን በኋላ ሞተሩ እንደሞቀ ጥግ ይዤ አቆምኩ። ኮፈኑን ከፍተው የካርቡራተሩን ብሎን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር እየጠመዘዙ አዳመጡ። ድምፁ ከፍ አለ፣ ጠራ፣ መንቀጥቀጡ ቆመ። ሚኒሞውን መልሰው ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ቤት ገብተው ቡና ጠጡና በሚኒባስ ኮምቦልቻ ተመለሱ።

የከፈልኩት ይህ ነው። ገመዱ 900፣ የእጅ ሥራ 2,500፣ የባልቦላ ክዳኑ ማሸጊያ 400፣ ለሚኒባሳቸው እኔው ጨመርኩ። በአጠቃላይ 4,000 ብር አልሞላም። 65,000 ተጠይቄ እንደነበር አትርሱ።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ደረሰኝ አይሰጡም። እንደኔ ሒሳብ ለሚይዝ ሰው ይቸግራል፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው የሰጡኝ። ስልክ አያነሱም፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ ልጆቹም እንዲያነሱ አይፈቅዱም። ስለዚህ ሄዶ ወረፋ መያዝ ነው። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከሰዓት የሚከፍቱት ዘግይተው ነው። ከሾፌሩ ወንበር ላይ የልጁ የዘይት እጅ አሻራ ቀርቷል፣ እስካሁን አልለቀቀልኝም። ጨርቅ አንጥፉልኝ በሏቸው። ቀጠሮ ባለበት ቀን አትሂዱ፣ አይቸኩሉም። ኮምፒውተር የሚፈልግ አዲስ መኪና ካላችሁ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው "ወደ ሌላ ውሰዱት" ነው የሚሉት።

በማግስቱ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ቾክ ሳብኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ሁለት ጊዜ ዞሮ ተነሳች። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ 10 ሰዓት አልሞላም ነበር።

አሁን መኪናዬ የምታድረው ግቢ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ቁልቁለቱ ላይ ቀርቷል። መጋቢት ላይ ለሦስት ወሩ ምርመራ እወርዳለሁ። የአራተኛው ሲሊንደር ቁጥር 115 ላይ ከቆየ ወይም ከወረደ እዚሁ እጨምራለሁ።